ለእንግዳ ተብሎ ሊያልፍ የነበረው ጎርፍ

«ቱሪዝም ላይ ነው የምሠራው» ስል ብዙ ሰው ላሊበላ ያለሁ ይመስለዋል። «አይ፣ ቆቦ ነኝ» ስለው ፊቱ ይቀየራል። ቆቦ ምን አለና? ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ለምጄዋለሁ፣ ግን አሁንም ደሜን ያፈላዋል። ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚያልፍ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን፣ ቆቦንና ዋጃን በመስኮት አይቶ ይሄዳል። ቢበዛ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ሰው ቆሞ ሊያየው የሚገባ ነገር እንዳለ ለአንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለሚታየው ነገር አይደለም። አንዲት ሴት የዓመት ቀለቧን ለእንግዳ ብላ ልታሳልፍ ስለነበረችበት ከሰዓት በኋላ ነው።

ስሜ ፋንታዬ ነው፤ የአገሬ ሰው ፋንቱ ይለኛል። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ቆቦ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ምላሴ ፈጣን ነው። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮውን ቤቱ ትቶ ይምጣ» እያለች ትቀልድብኛለች። የምሠራው በአንድ የሙከራ ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጎብኚ መጥቶ ከገበሬው ጋር ይዋል፣ ጥቅሙም እዚያው ገበሬው ዘንድ ይቅር። እንዲጎበኝ የመረጥኩት ደግሞ ሕንፃም ዋሻም ሳይሆን የጎርፍ ጠለፋ ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። የራያ ቆላ ዝናብ አይጠገብም። በስተምዕራብ ባሉት የደጋ ተራሮች ላይ ሲጥል ግን፣ እታች ያለው ደረቅ ወንዝ ድንገት ይሞላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት እየበሳ ጎርፉ ይመጣል። ገበሬው ያንን ጎርፍ በአሸዋ፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ በተሠራ ክተር ጠልፎ ወደ ቦይ ያስገባዋል፤ ቦዩም ወደ ማሳ ይወስደዋል። ካልጠለፉት ውሃው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ አፋር ይነጉዳል። በየቦዩ «የውሃ አባት» የሚባል በሕዝቡ የተመረጠ ሽማግሌ አለ። ውሃው በተራ ነው። ጎርፍ ሲመጣ የውሃ አባቱ ባለተራውን ይጠይቃል፤ ባለተራው «ክፈቱ» ሲል ብቻ የቦዩ አፍ ይከፈታል። «ይለፍ» ካለ ያልፋል። ይኼ ሕግ የትም አልተጻፈም፣ ግን የሚጥሰው ሰው የለም።

በዚያ ክረምት ከአዲስ አበባ አንድ የጥናት ቡድን እንደሚመጣ ተነገረኝ። አገሪቱ በዘላቂ ቱሪዝም ጉዳይ ቅድሚያ ሰጥታ ምን ማጥናት አለባት፣ ፖሊሲውስ ከምን ይጀምር የሚለውን የሚያረቅቁ ሰዎች ናቸው። መሪያቸው ዶክተር ይልማ ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ ሰው ሲናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። የኛ ሙከራ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውም በሳቸው አስተያየት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ለዚያች ቀን እንደ ሠርግ ነው የተዘጋጀሁላት።

አስተናጋጅ እንድትሆን የመረጥኳት ዘሃራን ነው። ባሏ በእነዚያ ክፉ ዓመታት ካለፈ ወዲህ ሴት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ አንደበቷ የሚጥም፣ ኩሩ ሴት ናት። ማሳዋ የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። አምና ተራዋ ሲደርስ ጎርፉ ክተሩን ሰብሮ ሄደባትና ሳታጠጣ ቀረች። ዘንድሮ ደግሞ በልጉ ጠፋ። እንግዶቹ በመጡ ጊዜ ማሽላዋ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሞ ነበር። ገበሬ ይህን ሲያይ ትርጉሙን ያውቃል፤ ቶሎ ካልጠጣ ለከብት አገዳ ይሆናል እንጂ ለሰው እህል አይሆንም። የሚቀጥለው ጎርፍ የማን እንደሆነ አገር ሁሉ ያውቅ ነበር። የዘሃራ ነው።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው፣ ሐሙስ ቀን። እንግዶቹን አስፋልት ዳር ተቀበልኳቸውና ሜዳውን እያሳየሁ በእግር ወደ ዘሃራ ቤት ወሰድኳቸው። መኪናውን ሾፌሩ በዙሪያው መንገድ ይዞ እንዲመጣ ተስማማን። ሾፌሩ ተፈራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ለመኪናው ያለው ፍቅር ለሚስቱ ቢሆን ቤቱ ገነት ይሆን ነበር። እኔ የሱን ነገር ዳግመኛ አላሰብኩትም። እንግዳ ይዞ መንገድ መምራት ሙሉ አእምሮ ይፈልጋል።

ቤት ስንደርስ የሥጋው ሽታ ተቀበለን። ዘሃራን ወደ ጓዳ ጎተትኳት።

«ፍየል አትረጂ ብዬሽ አልነበረም? ሹሮ ይበቃል አላልኩሽም?»

«እንግዳዬን በሹሮ ልሸኝ? ወላሂ አንቺ ከተማ ገብተሽ ተበላሽተሻል!»

«ደግሞ እኮ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ያንቺን እርድ…»

«አውቃለሁ። ጎረቤቴ ካሳን ጠርቼ እሱ ነው የባረከላቸው። አሁን ውጪልኝ፣ ታጠቢና ተቀመጪ።»

ከሁለት ፍየሎቿ አንዷን እንዳሳረደች አውቃለሁ። ግን ዘሃራን ማን ይችላታል? ወጣሁና ተቀመጥኩ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሟ ለክርስቲያን እንግዳ በክርስቲያን እጅ ማሳረዷ የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ ዶክተሩ ግን ነገሩን ሳስረዳቸው ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ።

ከምሳ በኋላ ዶክተሩ መቅጃቸውን አብርተው ዘሃራን መጠየቅ ጀመሩ።

«ዘሃራ፣ ጎብኚዎች ቢበዙባችሁ የሚያስቸግራችሁ ነገር ምን ይመስልሻል?»

«ምን ያስቸግራል? እንግዳ በረከት ነው።»

«ውሃ ቢሻሙ?»

«ይጠጡ።»

«ቤት ቢጠብባችሁ?»

«እኛ ውጭ እናድራለን።»

«የማትወዱትን ነገር ቢያደርጉስ?»

ዘሃራ ሳቀች። «እንግዳ ምን የማይወደድ ያደርጋል? አንቱ ደግሞ!»

ዶክተሩ ፊታቸው በራ። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ማኅበረሰብ ይዤ ሙከራዬ ሊዘጋ እንደማይችል እርግጠኛ ሆንኩ። ዘሃራን በዓይኔ ጠቀስኳት፣ እሷም መለሰችልኝ።

ከዚያ የጠለፋውን ቦታ ላሳያቸው ይዣቸው ወጣሁ። ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሮ ስለነበር ወንዶቹ አካፋቸውን ይዘው ክተሩ ላይ ተሰብስበዋል። የውሃ አባቱ አያ ሙሔ እፊት ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ግን ሆርማት ወንዝን ተሻግሮ የሚሰማ ሰው ናቸው። ስለ ክተሩ አሠራር ለእንግዶቹ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ከላይ በኩል ጩኸት ተሰማ። አንዱ መንደር ለሌላው እየተቀባበለ ነው የሚያወርደው።

«ጎርፍ! ጎርፍ! ጎርፍ መጣ!»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ከዚህ የበለጠ ጉብኝት ከየት ይመጣል? እንግዶቹ ገና በደረሱበት ቀን፣ ያውም በዘሃራ ተራ! «እድለኞች ናችሁ፣ አሁን በዓይናችሁ ልታዩት ነው» ብዬ ውሃው የሚሄድበትን ላሳያቸው ወደ ቦዩ ዞርኩ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

የእንግዶቹ ነጭ መኪና የቦዩ መሃል ላይ ቆማለች።

ቦዩ ሰፊ ነው፣ ታቹ ንጹሕ አሸዋ፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ትልቅ ግራር ጥላውን ጥሎበታል። የቆላ ቦይ አይቶ ለማያውቅ ሰው እግዜር ለመኪና ማቆሚያ የሠራው ነው የሚመስለው። ተፈራ ጥላ አየ፣ ገባ፣ አቆመ። በቃ።

«አያ ሙሔ! ይኼ መኪና እዚህ ምን ይሠራል?»

«ቆሟል።»

«መቆሙንማ አየሁ! መቼ ነው የቆመው?»

«እንደመጣችሁ።»

«አይታችሁ ዝም አላችሁ? ሁላችሁም?»

አያ ሙሔ እንደ ባለጌ አዩኝ። «ታዲያ እንግዳን ከዚህ ተነስ ልበለው? እንዲያውም ፍየል እንዳይጭርበት ብዬ ጠባቂ አቁሜለታለሁ።»

እውነትም አንድ ሰውዬ በትሩን ይዞ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ቦዩ ውስጥ ቆሞ መኪናን ከፍየል ይጠብቃል! ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያንን መኪና ሲቆም አይቶታል፣ ደመናውንም አይቶታል፣ የሚመጣውንም ያውቃል። አንድ ሰው «ልጄ፣ ወዲያ ፈቀቅ በል» ቢል በቃ ነበር። ግን እንግዳን እንዲህ ማለት ነውር ነው። ሌሎች ሰዎች በስንፍና ወይም በክፋት ይሳሳታሉ፤ የኛ ሰው በጨዋነት ነው የሚሳሳተው።

ተፈራ ሮጦ ገባና ሞተሩን አስነሳ። ጎማው አሸዋውን እየጫረ ሰመጠ። ወንዶቹ አካፋቸውን ጥለው ወረዱ፣ ትከሻቸውን አስደግፈው «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ ገፉ። መኪናዋ ከፍ ብላ እንደገና ቁጭ አለች። ከላይ ደግሞ ድምፁ መሰማት ጀምሮ ነበር። የጎርፍ ድምፅ ከመታየቱ በፊት ነው የሚደርሰው፤ ከሩቅ የከባድ መኪናዎች ሰልፍ ይመስላል።

«ውጡ ከቦዩ!» አሉ አያ ሙሔ። ሁሉም ወጣ። ተፈራ ግን የመኪናውን በር አልለቅም አለ። «በኔ ስም ነው የተረከብኩት! ልጆች አሉኝ!» እያለ ይጮኻል። ሁለት ሰዎች በወገቡ ይዘው አወጡት።

በዚህ መሃል ዘሃራ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ፊቷ ግን ያበራ ነበር፤ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ውሃ ነው የመጣው። ከዚያ መኪናዋን አየች። ብርሃኑ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

አያ ሙሔ ሥርዓቱ በሚያዘው መሠረት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ። «ዘሃራ! ተራው ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

ዘሃራ ወደ ማሳዋ አየች። ከቆምንበት የተጠቀለለው ቅጠል ይታያል። ወደ እንግዶቹ ዞረች። ከዚያ ሻሿን አጠበቀችና እንዲህ አለች።

«ይለፍ።»

«ምን?» አልኩ እኔ።

«ይለፍ አልኩ። ቤቴ የበላ ሰው በኔ ውሃ ንብረቱን አያጣም።»

አያ ሙሔ አንገታቸውን ደፉ። ወንዶቹም አካፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አንድም ሰው አልተከራከራትም። እንዲያውም ዓይናቸው ላይ ያየሁት አክብሮት ነው፤ ትልቅ ሰው የሚሠራውን ሠራች ብለው ነው ያዩዋት። እኔ ግን ነደድኩ። ሰው ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ በዘሃራ፣ በአያ ሙሔ፣ በተፈራ፣ በመኪናዋ፣ በሁሉም።

«ዘሃራ፣ አብደሻል? ልጆችሽ ምን ይበላሉ? ጨዋነት ይበላሉ?»

«አላህ ያውቃል።»

«መኪና እኮ ቆርቆሮ ነው!»

«የእንግዳዬ ቆርቆሮ ነው» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ወደ አያ ሙሔ ሄድኩ። ጭንቅላቴ እንደዚያን ቀን ሠርቶ አያውቅም። «አያ ሙሔ፣ ስሙኝ። እነዚህ ሰዎች የዘሃራ እንግዶች አይደሉም። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ የኔ እንግዶች ናቸው። ነውሩ በኔ ይሁን። ክፈቱላት።»

አያ ሙሔ ለአፍታ አሰቡ። «ምሳ የበሉት የማን ቤት ነው?»

ወደ ዘሃራ ዞር ብዬ አየሁ።

«የማን ቤት ነው ፋንቱ?»

«የዘሃራ።»

«እንግዲያ የዘሃራ ናቸው» ብለው ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ነገሩ አለቀ።

ጎርፉ አሁን ይታያል። ከወንዙ መታጠፊያ ቡናማ ግንባሩን ይዞ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ይመጣል። ግንባሩ ካለፈና ውሃው ከወረደ በኋላ ክተሩ ምንም አይዝም፤ ቦዩ የሚከፈተው ወይ አሁን ነው ወይ ተራው አምልጧል። ዶክተር ይልማ አጠገቤ ቆመው ምን እየሆነ እንደሆነ ሊገባቸው ይታገላሉ።

«ፋንታዬ፣ ለምንድን ነው የማይከፍቱት?»

«በእርስዎ ምክንያት ነዋ!» ጮህኩባቸው። አለቃዬ ቢሰማኝ ያን ቀን ሥራዬ ያበቃ ነበር። «መኪናችሁን እንዳይወስደው ብላ ማሽላዋን እያደረቀችው ነው። እንግዳ ስለሆናችሁ!»

ዶክተሩ ደነገጡ። «እኔ እኮ እንዲህ አድርጉ አላልኩም!»

«እሱን አውቃለሁ፣ ግን…»

እዚያው ላይ ቃሉ አፌ ውስጥ ቆመ። አላሉም። እንግዳው ምንም አላለም፣ ምንም አልጠየቀም። የኛ ሰው ለእንግዳ ያልጠየቀውን ይሰጠዋል። የጠየቀውንስ? የጠየቀውንማ መከልከል ጭራሽ የማይታሰብ ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ ቤትህ የበላ ሰው በእንግድነቱ ከለመነህ፣ ልጄን ቢልህ እንኳ ትሰጣለህ ይባላል። ዶክተሩን ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

«ጠይቋት።»

«ምን ልጠይቃት?»

«ውሃውን። እንግዳሽ ነኝ፣ ክፈችልኝ ብለው ይለምኗት። እኔ ብል አይሰራም፣ አያ ሙሔ ቢሉም አይሰራም። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ግን እምቢ የማለት መብት የላትም።»

ዶክተሩ ወደ መኪናዋ አዩ። ገባኝ። መኪናዋ የሳቸው አይደለችም፣ የመሥሪያ ቤታቸው ናት። ውስጧ ኮምፒውተራቸው አለ፤ በየአገሩ ዞረው የቀዱት የሰው ድምፅ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ተፈራ ደግሞ ከጎናቸው ቆሞ በልመና ዓይን ያያቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጎርፉ ግን ጊዜ ይዞ አልመጣም።

«ዶክተር፣ አሁን!»

ሄዱ። በጫማቸው አሸዋውን እየረገጡ ዘሃራ ፊት ቆሙ።

«ዘሃራ፣ ቤትሽ በልቻለሁ። እንግዳሽ ነኝ አይደል?»

«ነዎት።»

«እንግዲያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ማሽላሽን አጠጪልኝ። ውሃውን ክፈችልኝ።»

አያ ሙሔ ፊታቸውን ከወንዙ አዞሩ። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ከኋላ «ለመናት እኮ!» ሲል ሰማሁ። ዘሃራ እንባዋ ወረደ፤ ተቆጥታ ይሁን ተደስታ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ከዚያ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ የሚበልጠውን ድምፅ አወጣች።

«ክፈቱ! ክፈቱልኝ!»

ወንዶቹ «ቢስሚላህ!» ብለው የቦዩን አፍ በዘጋው ቅርንጫፍና አሸዋ ላይ ተወረወሩ። ቅርንጫፉ ተነቀለ፣ አሸዋው ተናደ፣ ውሃው አፉን አግኝቶ ገባ። መጀመሪያ በቀስታ ነው የገባው፣ የመኪናዋን ጎማ ብቻ ነካ። ቀጥሎ ዋናው መጣ። መኪናዋ ትንሽ ተንገዳገደች፣ ፊቷን ወደ ማሳው አዞረችና ሾፌር እንዳላት ሁሉ ተነስታ ሄደች። ተፈራ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ በዳሩ ተከተላት። ራቅ ብሎ ካለ ጉቶ ጋር ተጋጭታ ተጋደመች፣ ጭቃውም በመስኮቷ ገባ።

ማንም ለማየት አልቆመም። ውሃ ከተከፈተ በኋላ ሥራው ገና ይጀምራል፤ ዳሩ ሲሸረሸር መድፈን፣ ወደ ማሳው ሲደርስ መክፈል አለ። ዶክተር ይልማ ኮታቸውን ጣሉና አንዱን አካፋ አነሱ። አያዛቸው አያምርም ነበር። አያ ሙሔ ሊያስጥሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ነበር፣ ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ተዉአቸው። እኔም ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ድንጋይ ሳቀብል ዋልኩ። ፀሐይ ወደ ተራራው ስትጠጋ ውሃው የዘሃራን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ነበር። ዘሃራ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ የማሽላውን አገዳ በእጇ ትዳስሳለች። ልጆቿ ይንቦጫረቃሉ። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ ነው፤ የድካምም ነበር።

ዶክተሩ ጭቃ በጭቃ ሆነው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ኮምፒውተሩ አበቃለት» አልኳቸው። «ያን ያህል የሰው ድምፅ ጠፋብዎት። አዝናለሁ።»

ሳቁ። «ታውቂያለሽ ውስጡ ምን እንደነበረ? በየሄድኩበት የሰጡኝ መልስ አንድ ነው። እንግዳ በረከት ነው፣ ምንም አያስቸግርም፣ ኑልን። እኔም አምኜ ልጽፈው ነበር። ዛሬ ‹ይለፍ› ስትል ነው ያ መልስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያየሁት።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዶክተሩ «መኪናው እንዲወሰድ ያደረግኩት እኔ ነኝ» ብለው ኃላፊነቱን ወሰዱ። ብዙ ተመላለሱበት፣ ተፈራ ግን ከሥራው አልተነሳም። የኛም ሙከራ አልተዘጋም። በሚያረቅቁት ሐሳብ ውስጥ መጀመሪያ ሊጠና የሚገባው አስተናጋጁ በጨዋነት የማይናገረው ነገር ነው የሚል ገባበት። ስንት ጎብኚ ይምጣ፣ ስንት ውሃ ይጠጣ የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ትክክል ናቸው እላለሁ፤ ይህን ለማለት ማንንም አላስፈቅድም።

እኔን የለወጠኝ ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ እንግዳን ማስደሰት ይመስለኝ ነበር። ሕዝቤ ይህን ሥራ ከኔ በላይ ያውቀዋል፤ ማንም አያስተምረውም። የጎደለው እንግዳን «ይህን አትንካብኝ» የሚልበት መንገድ ነበር። እናንተስ ቤታችሁ የመጣ እንግዳ የማትፈልጉትን ሲያደርግ ስንቴ ፈገግ ብላችሁ አለፋችሁ? እናንተስ እንግዳ ሆናችሁ ሄዳችሁ ስንት ሰው ፈገግ ብሎ አለፋችሁ? መፍትሔውን ከውጭ አላመጣሁትም፤ እዚያው ቦይ ዳር አገኘሁት። ዛሬ እኔ ይዤው የምመጣ ጎብኚ ሁሉ ደጃፍ ሳይገባ ለአስተናጋጁ አንድ ቃል ይላል። «የማይመችሽን ነገር ንገሪኝ ብዬ በእንግድነቴ ለምኜሻለሁ።» ልመና ነውና አይከለከልም። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎቹ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር። አሁን ለምደውታል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም አብዝተውብኛል።

የዘሃራ ማሽላ ያን ዓመት ዘለላው ከብዶት ጎነበሰ። አጨዳው በደረሰ ሰሞን ዶክተር ይልማ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ዘሃራ ቤት ነበርኩ፣ አያ ሙሔም ነበሩ። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ መሃል አስቀመጥኩት።

«ዘሃራ፣ ማሽላሽን ለማየት ልመጣ ነው። የማይመችሽ ነገር ካለ ንገሪኝ ብዬ ለምኜሻለሁ።»

ዘሃራ በሻሿ አፏን ሸፈነች። እኔን አየችኝ፣ አያ ሙሔን አየቻቸው። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«በመኪና አይምጡብኝ» አለች። ትንሽ አሰበችና ድምፏን ከፍ አደረገች። «ደግሞም አጫጅ አጥቻለሁ፤ እጅዎን አጣጥፈው ሊያዩ ከሆነ ይቅርብኝ!»

አያ ሙሔ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁት፤ እየሳቁ ነበር።

ዶክተሩ በአውቶቡስ መጡ፤ ከአስፋልቱ በእግራቸው ወረዱ፣ ቆቦ ገበያ የገዙትን ማጭድ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው።